የቻይናዊው መሐንዲስ ሁለት ስሞች

(በባሕር ዳር ከተማ፣ ፋሲሎ፣ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ስለ ድልድይ ወይም ስለ አፈር ምርመራ ይናገራል ብሎ የጠበቀኝ ቢኖር ቅር አይበለው። ዛሬ የምናገረው ስለ ስም ነው። ይኸውም ከቻይና መጥተው ከእኛ ጋር የሚሠሩ መሐንዲሶች በአገራቸው ስም ፈንታ የሚጠሩበት የእንግሊዝኛ ስም ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚመረጥና በሥራ መዛግብታችን ላይ ምን እንደሚያስከትል ነው። ነገሩ ለቋንቋ ሊቃውንት የሚተው ይመስላል። ዳሩ ግን ፊርማ የሚፈረመው በስም ነው፤ ፊርማ ደግሞ የሙያችን ግማሽ ነው።

ከቻይናውያን ጋር መሥራት ለጣና ዙሪያ አዲስ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያና ቻይና በ1963 ዓ.ም. የዲፕሎማሲ ግንኙነት ከመሠረቱ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቤጂንግን ከጎበኙ በኋላ በቻይና ርዳታ ከተከናወኑት ሥራዎች አንዱ፣ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋሸና በኩል ወልድያ የሚደርሰው መንገድ ነው። ያንን መንገድ የጠረጉት ሰዎች በባላገሩ ዘንድ የሚታወሱት «ቻይናዎቹ» በሚል የወል ስም ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። በዚህችው ከተማ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተቋራጩ የቻይና ኩባንያ ነበር። በዘመናችን ግን በየሳይቱ የወል ስሙ ቀርቶ «ሚስተር ዴቪድ»፣ «ሚስተር ጃክ»፣ «ሚስ ሊሊ» ሲባል እንሰማለን። ይህ እንደ መሻሻል ሊቆጠር ይችላል፤ ሰው ከወል ስም ወጥቶ የራሱን ስም አግኝቷልና። የራሱ ስም ቢሆን ኖሮ ማለቴ ነው።

በሥራዬ የገጠመኝን አንድ ነገር ላንሣ፤ የሥራውንም የተቋራጩንም ስም አልጠራም። በአንድ የውኃ ማሳለፊያ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ታየና አርማታው ተፈልፍሎ ሲመረመር፣ የፌሮው ርቀት በሥዕሉ ላይ ከታዘዘው ሰፍቶ ተገኘ። የሳይቱ የዕለት መዝገብ ሲገለጥ «የፌሮውን ርቀት ለውጥ ሚስተር ጃክ አይቶ ፈቅዷል» የሚል ቃል ተጽፎበታል። ከዚህ በኋላ «ጃክ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ተቋራጩ ለአሠሪው ባቀረበው የባለሙያዎች ዝርዝር ውስጥ ጃክ የሚባል ሰው የለም፤ ዝርዝሩ የተጻፈው በፓስፖርት ስም ነውና። ፎርማኖቹ ሲጠየቁ ደግሞ ሁለት ጃኮች እንደነበሩ ታወቀ። የመጀመሪያው ጃክ ውሉ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ የእርሱ ተተኪ በዚያው ጠረጴዛ ተቀመጠ፤ የቀን ሠራተኞቹም ስሙን ከነጠረጴዛው አወረሱት። ደብዳቤ ስንጻጻፍ ወራት አለፉ። ግድግዳው በመጨረሻ ተጠገነ፤ ለውጡ ለምን እንደተፈቀደ፣ ከጀርባው ስሌት ይኑር አይኑር፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

«ኃላፊነቱ የኩባንያው ነው፤ ማኅተሙ ካለ የሰውየው ስም ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። በሕግ ረገድ እውነት አለው፤ ጥገናውንም የከፈለው ኩባንያው ነው። ነገር ግን ማኅተም አይጠየቅም። አንድ መሐንዲስ ሥዕሉን ትቶ ሌላ ነገር ሲያዝ በአእምሮው የነበረውን ሊነግረን የሚችል ራሱ ብቻ ነው፤ ትክክል ሠርቶ ከሆነም ምስጋናው የሚገባው ለእርሱ ነው። በዚያ መዝገብ ላይ ወቀሳውም ምስጋናውም ለማይገኝ ሰው ተጽፏል።

እንግዲህ ወደ ስሙ አሠራር እንግባ።

የቻይናውያን ስም የሚጀምረው በቤተሰብ ስም ነው። «ሊ ጂያንጉኦ» ብንል፣ «ሊ» ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የቤተሰብ ስም ሲሆን «ጂያንጉኦ» ለልጁ የወጣለት ስም ነው። ትርጉሙም «አገር መገንባት» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 የሕዝባዊት ቻይና ሪፐብሊክ በተመሠረተችበት ጊዜ አካባቢ ለተወለዱ ብዙ ወንዶች ልጆች ይኸው ስም ወጥቶላቸዋል። በእኛም አገር «አብዮት» የሚባል ሰው ስናገኝ መቼ እንደ ተወለደ ለመገመት አንቸገርም። የቤተሰብ ስሞቹ ቁጥር ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው፤ ዋንግ፣ ሊ፣ ጃንግ፣ ሊዩ እና ቼን የሚባሉት አምስቱ ብቻ ከሕዝቡ 30 በመቶ ያህሉን ይይዛሉ። ስለዚህ በመዝገብ ላይ «ሚስተር ዋንግ» ብሎ መጻፍ፣ «ከሠራተኞቹ አንዱ» ብሎ ከመጻፍ ብዙም አይሻልም።

ከዚህም ሌላ ስሙ የሚጻፈው በፊደል ሳይሆን እያንዳንዱ የራሱ ትርጉም ባለው ምልክት ነው። በላቲን ፊደል የምናየው ጽሕፈት ፒንዪን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣ የድምፅ አጻጻፍ ነው። ፒንዪን ድምፁን ይነግረናል እንጂ ምልክቱን አይነግረንም። በፓስፖርት ላይ ደግሞ የቅላፄው ምልክት እንኳ ስለሚቀር፣ የተለያየ ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች በወረቀት ላይ አንድ ሆነው ይታያሉ። ቻይናውያን እርስ በርሳቸው ሲተዋወቁ «ጃንግ ነኝ» ያለውን ሰው «የትኛው ጃንግ?» ብለው ይጠይቁታል። እርሱም «ቀስትና ረዥም ያለበት ጃንግ» ወይም «መቆምና ማለዳ ያለበት ጃንግ» ብሎ ምልክቱ ከምን ከምን እንደ ተሠራ ይነግራቸዋል። ይህ ለውጭ ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ለእኛ ግን አይደለም። «በጸሎቱ ጸ ነው ወይስ በፀሐዩ ፀ?»፣ «በንጉሡ ሠ ነው ወይስ በእሳቱ ሰ?» ተብሎ ሲጠየቅ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ የለም።

በነገራችን ላይ፣ እኛ ቻይናውያንን የምንጠራበት መንገድ ሳናውቀው ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። እንደ አገራችን ልማድ የመጀመሪያውን ቃል የሰውየው የራሱ ስም፣ የሚከተለውን የአባቱ ስም አድርገን እንወስዳለን። ስለዚህ «ሊ ጂያንጉኦ» የሚለውን አይተን «ሚስተር ሊ» እንላለን። በእነርሱም ደንብ ሰውን በማዕርግ የሚጠሩት በቤተሰብ ስም ስለሆነ፣ በተሳሳተ ምክንያት ትክክለኛውን ቦታ መታን ማለት ነው። ችግሩ የሚመጣው ሰውየው ለእንግሊዝኛ ወረቀት ሲል ቅደም ተከተሉን ገልብጦ «ጂያንጉኦ ሊ» ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ «ሚስተር ጂያንጉኦ» እንለዋለን፤ እርሱም በጨዋነት ዝም ይላል። የእኛም ሰዎች በውጭ አገር ተመሳሳይ ነገር ይደርስባቸዋል። አበበ ከበደ የተባለ መሐንዲስ ለጻፈው ደብዳቤ መልሱ «ውድ ሚስተር ከበደ» ተብሎ ሲመጣለት፣ ደብዳቤው የተላከው ለአባቱ ይመስለዋል። በሌላ በኩል ቻይናዊት ሴት ስታገባ የቤተሰቧን ስም አትለውጥም፤ ኢትዮጵያዊትም የአባቷን ስም አትተውም። ይህንን በእንግሊዝ ልማድ የተዘጋጁት ቅጾች አያውቁትም፤ ሁለታችንም ተቸግረን እንሞላቸዋለን።

አንድ ነገር ልጨምር። በቻይና አንድን መሐንዲስ የሥራ ባልደረቦቹ «ሊ ጎንግ»፣ «ዋንግ ጎንግ» ብለው ይጠሩታል። «ጎንግ» የሚለው፣ መሐንዲስ ማለት የሆነው «ጎንግቼንግሺ» የተባለው ቃል አጭር ነው። እንግዲህ «ሊ ጎንግ» ማለት ቃል በቃል «ኢንጂነር ሊ» ማለት ነው፤ እኛ በየቀኑ እንደምንለው። እንግሊዞች ለመሐንዲስ እንዲህ ያለ የአክብሮት መጠሪያ የላቸውም። ሁለት መሐንዲሶችን በማዕርጋቸው የሚጠሩ ሕዝቦች ተገናኝተው «ሚስተር ጃክ» በሚል በሦስተኛ ወገን ስም መጠራራታቸው ለእኔ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ታዲያ የእንግሊዝኛው ስም ለምን ተፈለገ? አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በትምህርት ቤት ነው። የእንግሊዝኛ መምህሩ ለክፍሉ ልጆች ስም ያድላል፤ ልጁም ስሙን ይዞት ያድጋል፣ በኋላም ከውጭ ሰው ጋር ሲሠራ ያወጣዋል። ሌላው ምክንያት የእኛ ምላስ ነው። በፒንዪን «ኪው» የተባለው ፊደል የሚነበበው «ች» ተብሎ፣ «ኤክስ» የተባለውም «ሽ» ተብሎ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ቺን የተባለውን «ኪን»፣ ሹ የተባለውን «ዙ» ይለዋል። በቀን አርባ ጊዜ ስሙ ተሰብሮ ከሚሰማ ሰው «ጃክ በሉኝ» ቢል አይፈረድበትም።

ስሙን የሚመርጡበት መንገድ ግን አንድ አይደለም። አንዳንዱ በድምፅ ይመርጣል። ዳዌይ የተባለ «ዴቪድ»፣ ሊሊ የተባለች «ሊሊ»፣ ሜይ የተባለችም «ሜይ» ትሆናለች። የዳዌይ ነገር እንዲያውም ልዩ ነው፤ ቻይናውያን ዴቪድ የሚለውን የእንግሊዝ ስም በቋንቋቸው ሲጽፉ «ዳዌይ» ብለው ስለሚጽፉት፣ ሁለቱ ስሞች በመንገድ ላይ ተገናኝተዋል። ሌላው በትርጉም ይመርጣል። የቀረው ደግሞ ከስሙ ጋር ምንም የማይገናኘውን፣ ከፊልም ወይም ከኳስ ተጫዋች የሰማውን ይወስዳል። የእኛ የመዝገብ ጃክ የዚህ የመጨረሻው ወገን ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ በዝርዝሩ ላይ ከነበሩት ስሞች ወደ «ጃክ» የሚጠጋ አንድም አልነበረምና።

ይህ ጉዳይ በሙያችን ታሪክ ውስጥም አለ። እ.ኤ.አ. በ1872 ቻይና ለትምህርት ወደ አሜሪካ ከላከቻቸው የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ልጆች አንዱ፣ በ1881 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምሕንድስና ተመርቆ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከ1905 እስከ 1909 ከቤጂንግ ወደ ጃንግጂያኮው የሚሄደውን የባቡር ሐዲድ ያሠራው ዋና መሐንዲስ እርሱ ነው፤ በተራራው አቀበት ላይ ሐዲዱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያመላለሰ ያወጣበት ዘዴ እስከ ዛሬ ይወሳል። በእንግሊዝኛ ወረቀቶቹ ላይ ስሙ የሚገኘው «ጂም ቲየን ያው» ተብሎ ነው፤ አሜሪካኖቹ «ጂም» የሚለውን የራሳቸውን ስም ያገኙ መስሏቸው ሊሆን ይችላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም፤ የደቡብ ቻይና አነጋገርን ተከትሎ የተጻፈ የገዛ ስሙ ነው። ዛሬ በፒንዪን «ጃን ቲየንዮው» ተብሎ ይጻፋል። ቲየንዮው «የሰማይ ረድኤት» ማለት ነው፤ ከእኛው ረድኤት ብዙም አይርቅም። ሁለቱ አጻጻፎች ምንም ቢራራቁ አንዱ ወደ ሌላው ያደርሳል፤ ፈልጎ ለማግኘት የሚያስፈልገው ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ነው። የቅድመ ውጥረት አርማታን የተማርን ሁሉ መጽሐፉን የምናውቀው ቲ. ዋይ. ሊንም ሌላ መንገድ መርጧል። የራሱን ስም «ቱንግ የን» በሁለት ፊደል አሳጥሮ፣ የቤተሰብ ስሙን ወደ ኋላ አዛውሮ፣ ከእንግሊዝ አንዳች ሳይበደር በዓለም ታውቋል።

ስም ተለውጦ ወደ ቀድሞው የሚመልስ መንገድ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ከራሳችን ታሪክ የምናውቀው ይበልጣል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በእንግሊዝ ጦር እጅ የገባ አንድ የጎንደር ልጅ ወደ ሕንድ ተወሰደ። ካሳደጉት ሁለት መኮንኖች ስም ተገጣጥሞ «ቻርልስ ማርቲን» ተባለ፤ በዚያው ስም ሕክምና ተማረ፣ በዚያው ስም አገልግሎት ገባ። ከዐድዋ ድል በኋላ በነበሩት ዓመታት ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ፣ ዘመዶቹ በሰውነቱ ላይ በነበረው ጠባሳ ለይተው አወቁት፤ እኛም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ብለን የምናከብራቸው ሰው ሆኑ። «ቻርልስ ማርቲን» በሚለው ስም ውስጥ ወደ ወርቅነህ የሚመልስ አንዲት ፊደል አልነበረችም። ጠባሳው ባይኖር ኖሮ ማን ይነግረን ነበር?

በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር መጥቶ ጢስ ዓባይንና ግሽ ዓባይን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በአገራችን «ያዕቆብ» በሚለው ስም ይጠራ ነበር፤ ራሱ በመጽሐፉ «ያጉቤ» እያለ ጽፎታል። ጄምስና ያዕቆብ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። የእንግሊዙን ስም የሚያውቅ ያዕቆብን ያገኛል፤ ያዕቆብን የሚያውቅም ጄምስን።

እኔ የምለው እንግዲህ ይህ ነው፦ ቻይናዊ ባልደረባችን ሁለተኛ ስም ከፈለገ፣ ስሙ ከመጀመሪያው ስሙ የተወለደ ይሁን፤ የቤተሰብ ስሙም ከጎኑ አይለይ። «ጃክ» ሳይሆን «ዴቪድ ዋንግ»። በድምፅ የተመረጠ ስም በትርጉም ከተመረጠው ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ድምፁን ማንም ሰምቶ ያገናኘዋል፣ ትርጉሙን ግን ቻይንኛ የማያውቅ አይደርስበትም። ደግሞስ ስሙ የእንግሊዝኛ እንዲሆን ማን አዘዘ? የምንሠራው ባሕር ዳር ላይ ነው፤ ለዳዌይ «ዳዊት» ከ«ዴቪድ» የበለጠ ይቀርበዋል። ሃይ ማለት በቻይንኛ ባሕር ማለት ስለሆነ፣ ሃይ የተባለውን በጣና ዳር «ባሕሩ» ብንለው በትርጉም የተመረጠ ቢሆንም ለዚህ ቦታ እኔም አልቃወምም። በቤጂንግ የውጭ ቋንቋዎች ዩኒቨርሲቲ አማርኛ የሚማሩ ቻይናውያን የአማርኛ ስም ይዘው የሚመጡ ስለሆነ፣ ነገሩ ከእነርሱ ወገን ተጀምሯል። ብቻ ስሙን የሚያወጣው ወይም የሚቀበለው ባለቤቱ መሆን አለበት። ከእኛ ወገን አንዱ በሻይ ሰዓት ለሳቅ ያወጣው ስም በማግሥቱ በመዝገብ ላይ ሲጻፍ ማየት ደስ አይልም፤ አይቻለሁም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ሁለተኛ ስም ሳያስፈልግ የመጀመሪያውን በራሳችን ፊደል መጻፍ እየቻልን አለመጻፋችን ነው። ለእንግሊዝ አንባቢ እንቆቅልሽ የሆኑትን ድምፆች ፊደላችን ያለ ችግር ይይዛቸዋል፤ ሸ አለን፣ ቸ አለን፣ ጀ አለን። ቺን፣ ሹ፣ ሺየ፣ ጆው ብለን ብንጽፍ የቀን ሠራተኛው ሳይሰናከል ያነበዋል። በፓስፖርት ላይ «ኤል»፣ «ዋይ»፣ «ዩ» ተብሎ የሚጻፈውን የቤተሰብ ስም «ልዩ» ብንለው ከብዙ አውሮፓውያን የተሻለ እንጠራዋለን፤ ያውም መልካም ትርጉም ይዞ። ሁሉም ይሟላል ማለቴ አይደለም። በቻይንኛ የሚለያዩ ሁለት የ«ሽ» ድምፆች በእኛ ፊደል አንድ ይሆናሉ፣ ሁለት የ«ች» ድምፆችም እንዲሁ፤ ቅላፄውም አይጻፍም። ነገር ግን እነርሱስ የእኛን መቼ ሞልተው ይጽፉታል? የቻይንኛ ቃል ክፍል የሚዘጋው በ«ን» ወይም በ«ንግ»፣ አልፎ አልፎም በ«ር» ስለሆነ፣ ባሕር ዳር በቻይና ካርታ ላይ «ባኸዳአር» ሆና በአራት ምልክት ትጻፋለች። ያም ሆኖ ሾፌሩ ከተማዋን አልሳታትም።

አሁን በምሠራበት ሥራ የዕለት መዝገቡን የመጀመሪያ ገጽ አራት ዐምድ አድርገነዋል። በመጀመሪያው ዐምድ ባለሙያው ስሙን በራሱ እጅ በቻይና ምልክት ይጽፋል። በሁለተኛው የፓስፖርቱ አጻጻፍ ይገለበጣል፤ የትኛው የቤተሰብ ስም እንደ ሆነ ከሥሩ ይሰመርበታል። ሦስተኛው በአማርኛ ፊደል የሚነበብበት ነው፤ እርሱ እየጠራ ከእኛ ወገን አንዱ ይጽፋል፣ ሁለት ሦስት ጊዜም እያስደገመ ያርመዋል። አራተኛው በሳይት ላይ የሚጠራበት ስም ነው፣ ካለው። ገጹን ለመሙላት ለአንድ ሰው ከአምስት ደቂቃ የበለጠ አልወሰደም፤ ሰው ሲለወጥም አዲሱ በአዲስ መስመር ይገባል እንጂ የቀድሞውን መስመር አይወርስም። ከሞሉት መካከል ዴቪድና ሊሊ አሉ። አንዱ «ዳዊት» ብሎ አስጽፏል። ከግማሽ የሚበልጡት ግን ሦስተኛውን ዐምድ አስሞልተው፣ ሲነበብላቸው ሰምተው፣ አራተኛውን ባዶ ትተውታል።